ሽንኩርት የከተፍንበት የቆቃ ሳንቃ

ገመቹዬ፣ የቤቴ ምሰሶ፣

ከተለየኸኝ እነሆ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሰው ሁሉ ጊዜ ያስረሳል ይለኛል። ይበል። እኔ ዛሬም የግቢው በር ሲንኳኳ ቁልፍ ረስተህ የመጣህ ይመስለኛል፤ ልቆጣህ ተዘጋጅቼ ነው ከወንበሬ የምነሳው።

ይህን የምጽፍልህ ግን ናፍቆቴን ልነግርህ ብቻ አይደለም። የበደልኩህ ነገር አለ። ለልጃችን ለሲፈንም ሳልናገር ዓመት ሙሉ በሆዴ ይዤው ኖሬያለሁ። ሳንቃዎችህን ማገድኳቸው ገመቹ። እነዚያን ለሲፈን ሰርግ ብለህ ስትቀርጻቸው የከረምካቸውን አምስት የዋንዛ ሳንቃዎች። ይኸው፣ ወጣልኝ። እንዴት እንደሆነ ቀስ ብዬ እነግርሃለሁ፤ መቼም ስጀምር ከሩቅ እንደምነሳ ታውቃለህ።

አስቀድሜ የሰፈሩን ወሬ ልንገርህ። በራችን ላይ ኮብልስቶን ተነጠፈ፤ አቧራው ግን ያው ነው፣ የአዳማ ንፋስ መንገድ ተሠራ ብሎ አይቀርም። የአናጺ ቤትህ አሁን የልብስ ሰፊ ቤት ነው። መሮዎችህንና መላጊያህን ለማንም አልሰጠሁም፤ አልጋ ሥር ናቸው። ጎረቤታችን ዘምዘም ጉልበቷን ያማታል፣ አፏን ግን ምንም አልነካውም። ሲፈን ከፋሲካ በኋላ ታገባለች። ያንን ዝምተኛውን የአሰላ ልጅ ነው። አንተ "ይሄ ልጅ ዱዳ ነው እንዴ?" ስትለው የነበረው። ዱዳ አይደለም፤ ለካ ካንተ ጋር አፍ የሚከፈትበት ቀዳዳ አጥቶ ነው።

ያንን ጃፓናዊ መሐንዲስ አስታወስከው? መንገድ ሊሠራ መጥቶ እኛ ሰፈር የተከራየውን። የወንበሩን እግር ጠገንክለትና ገንዘብ አልቀበልም ብለህ አሰናበትከው። በሳምንቱ አንድ ሥዕል በወረቀት ጠቅልሎ ይዞልህ መጣ። ሐይቅ ላይ መረብ የሚጥሉ ዓሣ አጥማጆች፣ ከኋላቸው ጭጋግ የሸፈነው ተራራ። በቀለም የተሳለ መስሎህ ነበር። እሱ ግን በዚያ በተሰባበረ አማርኛው እየሳቀ አስረዳህ፤ ብሩሽ አይደለም፣ እንጨት ነው። ሥዕሉ ሳንቃ ላይ ይቀረጻል፣ ሳንቃው ቀለም ይቀባል፣ ወረቀት ይለጠፍበትና ይታሻል። ለሰማያዊው አንድ ሳንቃ፣ ለቀዩ ሌላ ሳንቃ፣ ለጥቁሩ መስመር ደግሞ ራሱን የቻለ ሳንቃ።

ያን ቀን ምሳህን አልበላህም። ሥዕሉን ወደ ብርሃን አንስተህ፣ አዙረህ፣ በጣትህ ዳብሰህ፣ "ብርቄ፣ ይሄ እኮ የአናጺ ሥራ ነው!" አልከኝ። ዕድሜህን ሙሉ አልጋና በር ስትሠራ ኖረህ፣ በዓለም ጫፍ ያለ የሙያ ወንድምህን ያገኘህ ያህል ነበር ደስታህ። እኔ ደግሞ ምን አልኩህ? ሽሮው ቀዘቀዘ አልኩህ።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ሰላም አጣ። እሁድ ስፓጌቲ ስሠራ ሁለት ቀጫጭን እንጨት ጠርበህ በዚያ ካልበላሁ አልክ። ስፓጌቲው ከእንጨቱ እየተንሸራተተ ሸሚዝህን በስጎ ሲያጠግበው እኔና ሲፈን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን፤ አንተ ግን ፍንክች አላልክም። በሦስተኛው እሁድ እንደ ልማድ አነሳኸው። በኋላ እኔም ለመድኩ፣ ለሰው ግን አልተናገርኩም።

ከሁሉ የማልረሳው የጃካራንዳውን ቀን ነው። ጃፓኖች በአበባ ወራት ሥራቸውን ትተው ዛፍ ሥር ምንጣፍ አንጥፈው አበባ ብቻ ሲያዩ ይውላሉ ብሎ መሐንዲሱ ነግሮህ ነበር። ጃካራንዳው አብቦ መንገዱ ሁሉ ሐምራዊ የሆነ ሰሞን ዳቦና የሻይ ፔርሙስ አስይዘህ አወጣኸን፤ ዘምዘምንም ጠራሃት። አስፋልት ዳር ሰሌን ዘርግተን ተቀመጥን። ባጃጁ ሁሉ ቀስ እያለ ያየናል። አንዱ ሹፌር ቆሞ መኪና ተበላሽቶባችሁ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። አበባ እያየን ነው ስትለው ሰውዬው አዝኖልኝ አየኝ። መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። አንተ ግን ሰው አበባ ለማየት መቀመጡ ምን ነውር አለው፣ እኛስ አደይ ሲፈነዳ ደስ አይለንም ወይ፣ መልካም ነገር የማንም ይሁን የማን ብትወስደው ባለቤቱ አይጎድልበትም አልከን። ዘምዘም እዚያው የወሎውን መንዙማ በቀስታ ማዜም ጀመረች። አበባው በሻያችን ውስጥ ወደቀ። ያን ቀን አፍሬብህ ነበር፤ አሁን ያቺ ሰሌን ላይ አንዲት ሰዓት ልቀመጥ ብባል የማልሰጠው ነገር የለም።

መቅረጹንም ጀመርክ። የመጀመሪያው ሥራህ ጋሪ ነበር። ሥዕሉ ወረቀት ላይ ሲያርፍ እንደሚገለበጥ ረስተህ፣ ወደ አገርህ ወደ ደራ የነዳኸው ፈረስ ወደ ሞጆ ዞሮ ወጣ። "እሱም እንደኔ አማቶቹን ሸሽቶ ነው" አልክ። ወንድሞቼ ሞጆ መኖራቸውን ረስተህ ነው መሰለኝ! ወረቀቱን ማሻ አጣሁ ብለህ የወጥ ማውጫ ማንኪያዬን ወሰድክብኝ፤ እንግዳ ፊት ሳወጣው ጀርባው ሰማያዊ ሆኖ ተገኘ። ስንት ቀን ጮህኩብህ። ሰጋቱራው፣ የቀለሙ ሽታ፣ ገመድ ላይ እንደ ልብስ የተሰጣው ወረቀት፤ በሁሉም ጮህኩ።

በመጨረሻ የቆቃውን ጀመርክ። ሲፈን ባል ያገባች ቀን ለቤቷ የምሰጣት ሥዕል ይሄ ነው አልክ። እሁድ እሁድ የምንሄድበት የቆቃ ውኃ፣ ጀልባ፣ እነዚያ ትልልቅ ነጫጭ ወፎች። ጀልባው ላይ አንቺና እኔ እንቀመጣለን ብለኸኝ ነበር። አምስት ሳንቃ ለየህ። እንዳላይ ጨርቅ ትሸፍነው ነበር፤ ሲያልቅ ታያለሽ ትለኝ ነበር። በዚያው ወራት ነው ሳሉ የጀመረህ። አዲስ አበባ ሄደህ ተመረመርክ፣ ስትመለስ የሰጋቱራ ነው አሉኝ አልክ፤ የሐኪሙን ወረቀት ኪስህ ውስጥ አጥፈህ ከተትክ። እኔም አመንኩህ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። የልቅሶህ ቀን ግቢው ሞልቷል፣ ድንኳኑ ተተክሏል፣ የእድሩ ሴቶች ጓሮ ድስት ጥደዋል። ማገዶ አለቀባቸው። ዘምዘም መጥታ በጆሮዬ እንጨት ከየት እናምጣ አለችኝ። እኔ በዚያ ሰዓት ሰው ነኝ እንዴ? በእጄ ጠቆምኩ። ከአናጺ ቤቱ ግድግዳ ሥር ያለውን ቁርጥራጭ ውሰዱት አልኩ። ሳንቃዎችህ እዚያው ከቁርጥራጩ ጋር፣ በጥላው እንዲደርቁ ተደግፈው ነበር። ጨርቁን ማን እንዳነሳው አላውቅም። አንተን ለመሸኘት የመጣው ሕዝብ የበላው ወጥ በአንተ ሥዕል በሰለ።

ያወቅኩት አርባህ ካለፈ በኋላ ነው። ባዶውን ግድግዳ አይቼ ቁጭ አልኩ። አመዱ እንኳ ተጠርጎ ተጥሏል። ከዚያ ሲፈን ጠየቀችኝ፤ የአባዬ ሳንቃዎች የት ናቸው አለች። ደራ አጎትሽ ጋ ናቸው አልኳት። በስልሳ ዓመቴ ዋሸሁ። ውሸት ደግሞ ብቻዋን አትኖርም፤ ሰርጉ ሲቃረብ ልጅቷ ደራ ሄጄ አመጣቸዋለሁ ማለት ጀመረች። ዛሬ መኪና የለም፣ ነገ አጎትሽ የሉም፣ ከነገ ወዲያ ገበያ ነው እያልኩ አዘገየኋት። የአባቷ ስጦታ እየጠበቃት መስሏት በደስታ ስታወራ ፊቷን ማየት አቃተኝ። እውነቱን ብነግራት ደግሞ በሰርጓ ዋዜማ አንተን ሁለተኛ መቅበር መሰለኝ።

ከሁለት ሳምንት በፊት እዚሁ ሰፈር አንዲት አሮጊት አረፉ። እኔም እንደ ወጉ ከእድሩ ሴቶች ጋር ሽንኩርት ልከትፍ ተቀመጥኩ። ዘምዘም ከእድሩ ዕቃ ጆንያ ውስጥ ሰፊ መክተፊያ አውጥታ ጭኔ ላይ አኖረችልኝ። ከተፍኩ። መክተፊያው ሲንሸራተት ልይዘው እጄን ከሥሩ ሰደድኩ። ጣቶቼ ቦይ ቦይ አገኙ። ማዕዘኑ ላይ ደግሞ ያቺ ወረቀቱ ሳይዛነፍ እንዲገጥም የምትቀርጻት ትንሽ ጥርስ አለች። ሽንኩርቱን ዘርግፌ ገለበጥኩት። የቆቃ ውኃ ነው ገመቹ! የሰማያዊው ሳንቃ!

አለቀስኩ፤ በጣም አለቀስኩ። ሁሉም ሽንኩርት እየከተፈ ያለቅስ ስለነበር ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። ዘምዘም ብቻ ገባት። ለካ በአንተ ልቅሶ ቀን መክተፊያ ቸግሯቸው፣ ከማገዶው ውስጥ ጀርባው ለስላሳ የሆነውን እሷ ለይታ አስቀርታው ነበር። ከዚያ ከዕቃው ጋር ጆንያ ገባ። ዓመት ሙሉ በሰፈሩ ልቅሶ ሁሉ ላይ ነበርክ ማለት ነው። ዘምዘም ደረቷን እየደቃች አላህ ይቅር ይበለኝ አለች። አንቺን ነው አላህ የላከልኝ አልኳት። ለእድሩ የራሴን መክተፊያ ሰጥቼ ሳንቃህን በነጠላዬ ጠቅልዬ ወደ ቤት ወሰድኩ።

ለሲፈን ሁሉንም ነገርኳት። ደራ የተላከ ነገር እንደሌለ፣ አራቱ እንደነደዱ፣ የጠቆመችው ይህች እጅ እንደሆነች። ከዚያ ሳንቃውን አሸተተችውና ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል ብላ ሳቀች። ሳቋ ወደ ለቅሶ ዞረ፤ ለቅሶዋ ደግሞ ወደ እኔ ትከሻ መጣ። ሲነጋ፣ አንድ ዓመት ሙሉ እንዴት ብቻሽን ቻልሽው አለችኝ እንጂ ክፉ ቃል አልወጣትም። ያንተ ልጅ ናት፤ የኔ ብትሆን ኖሮ ሰፈሩን ትሰበስብ ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሳንቃውን በለብታ ውኃ አጠብነው። ሰማያዊ ቀለምህ በጠርሙስ ተርፎ ነበር። ቀባነው፣ ወረቀቱን በጥርሷ ልክ አስቀመጥነው፣ ያንኑ የወጥ ማንኪያዬን ይዤ አሸሁት። ሲፈን ከጥጉ ይዛ ቀስ ብላ ላጠችው።

ውኃው ሁሉ ሰማያዊ ነው፤ መስመር መስመር እያለ ይሄዳል። ጥቁሩና ሌሎቹ ቀለሞች ስለሌሉ ወፎቹና ጀልባው ባዶ ነጭ ሆነው ቀርተዋል። ጀልባዋን አየሁ። በጀልባዋ ውስጥ የተቀመጠውን የሰው ቅርጽ አየሁ። ሻሽ አስራለች፤ ቋጠሮው ከኋላ እኔ እንደማስረው ነው። በእጇ መቅዘፊያ ይዛለች። አጠገቧ የአንተን ቦታ ፈለግኩ፤ ሰማያዊ ውኃ ብቻ። የለም። ዳርቻውን ፈለግኩ፣ ወረቀቱን እስከ ጫፍ ድረስ በጣቴ ሄድኩበት። አንድ ሰው ብቻ ነው።

አውቀህ ነበር! ያ የሐኪም ወረቀት የሰጋቱራ አልነበረም። በጨርቅ ስትሸፍነው የነበረውም ለዚህ ነው። አንተ ውሸታም! ያን ሁሉ ሳምንት መሮ ይዘህ ራስህን ከጀልባው ካጠገቤ እያወጣህ እኔ በማንኪያ እጨቀጭቅሃለሁ? ብታውቅስ ለምን አልነገርከኝም? ነግረኸኝ ቢሆን አንድ ቀን እንኳ ባልጮህኩብህ ነበር። ይሄን ስል ሲፈን ምን አለችኝ መሰለህ? አባዬ እኮ ሳትጮሂ አንድ ቀን መኖር አይችልም ነበር አለች። ምናልባት እውነቷን ይሆናል።

እንግዲህ እኔ ሳንቃህን ደበቅኩህ፣ አንተ ሞትህን ደበቅከኝ። ይቅር ለእግዚአብሔር። አንተም ይቅር በለኝ።

ሲፈን ሥዕሉን እንዳለ ሳሎኗ እሰቅለዋለሁ ብላለች፤ ነጩ ነጭ ይሁን፣ ማንም ቀለም አይጨምርበትም። ለዘምዘምም አንድ አትመንላታል። እኔ ውኃ እንደምፈራ፣ ያን ሁሉ እሁድ ቆቃ ዳር ዓሣ እየበላሁ አንድ ቀን ጀልባ ላይ እንዳልወጣሁ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። እያወቅህ መቅዘፊያውን ለኔ ሰጠኸኝ። እሺ። ሰርጉ ይለፍና እሄዳለሁ። እየፈራሁ እወጣለሁ፣ ስምህን እየጠራሁ፣ መሃል ላይ ስደርስም እየሰደብኩህ። አንተን መርሳት አልለምድም ገመቹዬ፤ መቅዘፉን ግን እለምዳለሁ።

የአንተው ብርቄ