ቤዛ የማታውቀው ስሜ

እሁድ፣ ግንቦት 11፣ ከሥራ መልስ

ዳቦ ቤቱ ዛሬም እሳት ነው። ባጌት ስደረድር፣ መልስ ስመልስ ዋልኩ። ምሳ አልበላሁም። ጊዜ ቢኖርም አልበላም ነበር። አከራዬ ሐዋ በር ላይ ሳህን ይዛ ጠበቀችኝ። ዑን አለችኝ፣ ብዪ ማለቷ ነው። በየቀኑ ይሄንኑ ትላለች። ሩዙን ለድመቷ ሰጠሁት።

ማስታወሻዬ፣ ማክሰኞ ፍ/ቤት ነን። ዳኛዋ የላከቻት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ፣ ማዳም ፋዱሞ፣ ቤዛን አነጋግራለች አሉ። የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ስጡኝ አላልኩም፣ አሳዩኝ ነው ያልኩት። የእናቴን ልጅ፣ ታናሽ እህቴን። እናታችን ስትሞት አራት ዓመቷ ነበር። አሁን ሰባት ሆናለች።

አባቷ አ.ግ. (ሙሉ ስሙን ለመጻፍ እጄ እምቢ ይላል) የእኔ አባት አይደለም፣ የእናቴ ሁለተኛ ባል ነው። ለቅሶው እንዳበቃ ሌላ አገባ፣ ከእኛ ሰፈር ከካርቲየ 4 ወደ ሀብታሞቹ ሰፈር ወደ ሄሮን ገባ፣ ስልክ ቁጥሬን ዘጋው። በሩን ስንት ጊዜ አንኳኳሁ። ዘበኛው ያዝንልኛል፣ ግን አያስገባኝም። ሲመረኝ ነው ፍ/ቤት የሄድኩት።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 13

ምን ብዬ ልጻፍ።

አላውቃትም አለች።

ማዳም ፋዱሞ ቤታቸው ሄዳ ጠይቃታለች። ትዕግስት የምትባል እህት አለችሽ? የለችኝም። ትዕግስት የምትባል ሰውስ ታውቂያለሽ? አላውቅም። ይሄው በዳኛዋ ፊት በፈረንሳይኛ ተነበበ። አንዱም ቃል አላመለጠኝም። ፈረንሳይኛ ባልማር ይሻለኝ ነበር።

አ.ግ. አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ሲደነፋ ባየው ይቀለኝ ነበር። ልጅቷ ረስታለች፣ አዲስ እናት ለምዳለች፣ ለምን ቁስሏን እንነካካለን አለ፣ ቀስ ብሎ። ዳኛዋ ራሷን ነቀነቀች። ውሳኔው ለወሩ መጨረሻ ተቀጠረ። ለእኔ ግን ፊቷ ላይ አልቋል።

ብቻዬን ገባሁ፣ ብቻዬን ወጣሁ። ከወጣሁ በኋላ የት እንደምሄድ ጠፋኝ። በዚያ ፀሐይ እስከ ባሕሩ ዳር፣ እስከ ራስ ዲካ በእግሬ። ባሕሩ ሸሽቶ ጭቃው ብቻ ቀርቷል። እናቴ እዚያ ትወስደን ነበር። ቤዛ ጭቃው ውስጥ ትንቦራጨቃለች፣ እኔ ጫማዋን ይዤ እከተላለሁ።

ጀርባዬ ላይ ነው ያደገችው። እንዴት ትረሳኛለች? ልጅ ናት፣ ልጅ ይረሳል። አይ፣ እንዴት ብላ?

ሐሙስ፣ ግንቦት 15

ምንም። ሥራ። ሙቀት። መብራት ጠፋ፣ ማራገቢያው ቆመ።

ዛሬ ማንም በስሜ አልጠራኝም። ትናንትም። ዳቦ ቤት ማዳም ነኝ፣ ሰፈር ውስጥ ሐበሺያ። ትዕግስት የሚለኝ ፍ/ቤቱ ብቻ ነው፣ እሱም የለሽም ሊለኝ።

አርብ፣ ግንቦት 16፣ ከሰዓት

እረፍቴ ነው። ከተማው ጫት ላይ ነው፣ መንገዱ ጭር ብሏል። ተጋድሜ ጣራ አያለሁ። ግቢው ውስጥ የሐዋ ትንሿ ልጅ ታላቋን ትጠራለች። አባዮ፣ አባዮ። በሶማሊኛ እህቴ ማለት ነው። ዘወትር የምሰማው ነገር ነው። ዛሬ ግን አንድ ነገር ጆሮዬ ውስጥ ቀረ።

ወጥቼ ጠየቅኋት። የእህትሽ ስም ማን ነው? አባዮ አለችኝ። እሱማ አባዮ ነው፣ ስሟን ነው የምልሽ አልኳት። እንደ ሞኝ አየችኝ። አባዮ!

ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ።

ቤዛ ትዕግስት ብላኝ አታውቅም። አንድ ቀን እንኳ። ታላቅ በስሙ አይጠራም ትል ነበር እናቴ፣ በዚህ ቀልድ አታውቅም። ቤዛ አፏን ስትፈታ ጀምሮ እታለም አስባለቻት። ልጅ የሰማውን ነው የሚለው ብላ እሷም እታለም ትለኝ ጀመር። እቤት ውስጥ ትዕግስት የሚባል ሰው ጠፋ። አ.ግ.ም ቢሆን እታለም ነበር የሚለኝ።

ያውቃል። ያን ቀን አንገቱን የደፋው ለዚህ ነው።

ቤዛዬ አልዋሸችም። የማታውቃት ሴት መጥታ ስለማታውቃት ሴት ጠየቀቻት። እኔ ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ በልጅቷ ቂም ይዤ ከረምኩ።

እሁድ፣ ግንቦት 18

በጠዋት ማዳም ፋዱሞ ቢሮ። ቃላት እየተደናቀፉብኝ አስረዳኋት። መጀመሪያ ሳቀች። የእሷም ታናናሾች እስከ ዛሬ አባዮ ነው የሚሏት፣ ስሜን ብትጠይቂያቸው እንጃ አለች። ማሰብ ነበረብኝ ብላ መነጽሯን አወለቀች። እንደገና ትጠይቃታለች። ቤት ሄዳ ሳይሆን ት/ቤት፣ አባቷ በሌለበት።

ሐዋ ሥጋ ሠርታ አመጣችልኝ። ሁለት ጉርሻ ሞከርኩ፣ አልወርድ አለኝ።

ሰኞ፣ ግንቦት 26

ማዳም ፋዱሞ ደወለች! ባጌት እጄ ላይ እያለ። ደንበኛው ይጠብቅ።

እታለምን ታውቂያለሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ ማቆሚያ አጣች አለችኝ። እታለም ጫማዬን ትይዝልኛለች። እታለም ዘፈን ስትዘፍን ትሳሳታለች። እታለም ሆድ ላይ ነው የምተኛው። አባባ ሩቅ አገር ሄዳለች ብሎኛል፣ አንቺ እዚያ ነው የምትሠሪው? መቼ ነው የምትመጣው?

መጋዘን ገብቼ ዱቄቱ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው። ደስታዬን የምነግረው ሰው ፈልጌ ከአንቺ ከማስታወሻዬ ሌላ አጣሁ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 29

ተፈቀደ። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት፣ ለአንድ ሰዓት ያህል፣ ማዳም ፋዱሞ ቢሮ፣ እሷ ባለችበት። አ.ግ. አልተከራከረም። ሲወጣ በአጠገቤ አለፈ። ቆም አለና አገናኛችኋለሁ ብዬ ለእናትሽ ቃል አልገባሁም አለኝ። ይሄን ለምን እንደነገረኝ አልገባኝም። አልጠየቅኩትም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 6

ዛሬ አየኋት።

ረዝማለች። የፊት ጥርሷ ወልቋል። ጸጉሯ ሹሩባ ተሠርቷል፣ ጥሩ አድርገው ነው የሠሯት፣ ይሄን አልክድም። ገብታ እንደ ትልቅ ሰው እጇን ዘረጋችልኝ። እንደምን ዋሉ አለችኝ። ዋሉ። ጨዋ አድርገው አሳድገዋታል።

ወንበር ሰጠኋት፣ ተቀመጠች። በሩን ታያለች። ከረሜላ ሰጠኋት፣ አመሰግናለሁ ብላ ያዘችው፣ በሩን ታያለች። በመጨረሻ ማዳም ፋዱሞን ቀሚሷን ጎተት አድርጋ በፈረንሳይኛ ጠየቀቻት። እታለም አልመጣችም እንዴ?

እኔ ነኝ አልኳት።

አየችኝ። ከላይ እስከ ታች፣ ሳትቸኩል። ክፋት የለባትም፣ የምታውቀውን ነው የነገረችኝ። እርስዎ አይደሉም አለች። እታለም ወፍራም ናት።

ማዳም ፋዱሞ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኔም አልተከራከርኩም። ሰዓቱ እስኪያልቅ ሥዕል ሣልን። ልትወጣ ስትል ከበሩ ተመለሰች። እታለምን ካገኟት ጥርሴ ወለቀ ይበሉልኝ አለችኝ። እሺ አልኳት።

ቤት ስገባ መስታወት ፊት ቆምኩ። ልክ ናት፣ ከስቼ አልቄያለሁ። በእሷ ቦታ ብሆን እኔም አላውቀኝም።

ሐዋ ሳህኗን ይዛ መጣች። ዑን። ድመቷ እንደ ልማዷ እግሬ ሥር መጥታ ቁጢጥ አለች። ዛሬ አልሰጠኋትም። ጨርሼ ሳህኑን መልሼ ወሰድኩና ጨምሪልኝ አልኳት። ሐዋ የሰማችው እውነት አልመስል አላት፣ ደግሜ ነገርኳት።

በአንድ ሳምንት የሚመጣ ለውጥ እንደሌለ አውቃለሁ። በሁለትም በሦስትም። ነገ ጠዋት ከሥራ በፊት ግን ቁርስ እበላለሁ።