ቤታችን ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣ ደህና አለህልኝ ወይ? እኔ ደህና ነኝ፤ ይህንንም በገዛ እጄ ጻፍኩልህ። የማታ ትምህርቱን አንደኛ ወጥቼ ጨረስኩ፤ አስተማሪዋ ባትናገረውም ፊቷ ላይ አነበብኩት።

ባለፈው ሳምንት ከማዘጋጃ ቤት መጥተው ግድግዳችን ላይ ማስታወቂያ ለጠፉ። ጫማ ሰፊው ጎረቤታችን «በል ምሁሩ፣ አንብብልን» አለኝ። ጉሮሮዬን ጠርጌ አነበብኩ፦ «ይህን ቤት አፍርሶ ፎቅ ለመሥራት ፈቃድ ተጠይቋል። ተቃውሞ ያለው በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያቅርብ፤ ከዚያ ኮሚቴው ይወስናል።» የአመልካቹ ስም ላይ ስደርስ ዓይኔ ደከመ ብዬ አቆምኩ። ሞክሼህን ያገኘሁ መሰለኝ፤ የአባቱም ስም ከአባታችን ጋር አንድ ነው።

ቤቱ እንደተውከው ነው። እናታችን ቁመታችንን በምስማር የጫረችበት የበር መቃን አለ፤ በእግር ጣቶችህ ቆመህ ያጭበረበርክባት ጭረትም አለች። ስገባ ስወጣ እዳብሳታለሁ።

የመቃወሚያ ቅጹን ተቀብያለሁ። ጸሐፊዋ «ያልጻፈ እንደተስማማ ይቆጠራል» ብላኛለች። ሌላውን በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ሞልቼዋለሁ፤ የአመልካቹ ስም የሚገባበት መስመር ብቻ ባዶ ነው። የቀረው ስምንት ቀን ነው።

ልጆችህን ሳምልኝ፤ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ።

ታላቅ ወንድምህ፣ ከዚያው ከቤታችን።