ልብ ወለዱ ላይ ያልጻፍኩት ጠዋት

መካነ ሰላም፣ ጥር 14

ውድ ሀጀራ፣

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ የጎረቤታችሁ ልጅ አልታዬ ናት። ለእረፍት መጥታ ሰንብታ ረቡዕ ወደ ጅዳ ትመለሳለች። በፖስታ ባልክልሽ መድረሱን እጠራጠር ነበር፤ እሷን ግን በእጅሽ እንድትሰጥሽ አደራ ብያታለሁ።

ስለ ሙዚቃ ባንዳችን ልብ ወለድ መጻፌን እናትሽ ነግረውሻል። አንብበሽው እንደሆነ አላውቅም። ስምሽን ቀይሬዋለሁ። ጓደኛችንን አካሉንም ከከበሮ አንስቼ ኪቦርድ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ በዚህ እስከ ዛሬ ይቀየመኛል። የቀረው የእኛው ነው። ሰው ይወደዋል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ከደሴም ከአዲስ አበባም እየደወሉ የሚጠይቁኝ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ዘፋኟ ተመለሰች?»

ወግዲ ገበያ ላይ የተጫወትንባትን ቅዳሜ መቼም አትረሺም። የሮክ ባንድ ነን ብለን ስንሄድ ሮክ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም፤ እኛም የምናውቀው ከአካሉ ሜሞሪ ካርድ የሰማነውን ያህል ነው። ሁለተኛው ዘፈን ላይ መብራት ጠፋ። የእኔ ጊታር ጭጭ አለ። አፍሬ ከመድረክ ልወርድ ስል አንቺ ማይኩን መሬት ላይ አስቀመጥሽና ዘፈኑን ካቆምሽበት ቀጠልሽ። ገበያተኛው ሸቀጡን ጥሎ መጣ። ስንመለስ አይሱዙው ላይ አጠገቤ ተቀምጠሽ፣ «ኒቆ፣ ዛሬ ድምፄን ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴ ሰማሁት» አልሽኝ። እወድሻለሁ ልልሽ ነበር። ስለተበጠሰው የጊታር ክር አወራሁሽ።

በሦስተኛው ወር ቪዛሽ መጣ። ልትሄጂ አንድ ቀን ሲቀርሽ ደጃችን ድረስ መጣሽ። አባቴ መሪጌታ ቃለ ክርስቶስ ግቢ ውስጥ ዜማ ያስተምሩ ስለነበር አልገባሽም። አጥሩ ሥር ቆመሽ የነገርሽኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«ነገ አስራ ሁለት ሰዓት መናኸሪያ ነኝ። መጥተህ አትሂጂ ካልከኝ እቀራለሁ። ካላልከኝ፣ ወላሂ፣ እሄዳለሁ።»

መጽሐፉ ላይ ጊታር ተጫዋቹ ይዘገያል። ሌሊቱን እናቱ ታመውበት፣ ሲነጋ በጭቃው እየሮጠ ሲደርስ አውቶቡሱ ወደ አቀስታ መታጠፊያው ጋ ይታየዋል። ብዙ ሰው ያለቀሰው እዚህ ገጽ ላይ ነው። ውሸት ነው፣ ሀጀራ። እናቴ አልታመመችም። እኔም አልዘገየሁም። አንቺ ሳትመጪ ደርሼ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ካለው መድኃኒት ቤት የቆርቆሮ በር ኋላ ቆሜ ነበር። ከእናትሽ ጋር ስትመጪ አየሁ። መንገዱን ዞር እያልሽ ስታዪ አየሁ።

ብዙ ዓመት ለራሴ የነገርኩት፣ ቤተሰብሽ ከጉዞሽ የሚጠብቀውን ተስፋ እንዳልቆርጥበት ብዬ ነው የሚል ነበር። እሱም ውሸት ነው። አትሂጂ ብልሽ ቀርተሽ ቀጣዩን ከእኔ ትጠብቂያለሽ፤ እኔም አባቴ ፊት ቆሜ ስምሽን መጥራት ይኖርብኛል። የመሪጌታ ልጅ የሙስሊም ልጅ ወደድኩ ብሎ ሲናገር የአባቴ ፊት ምን እንደሚመስል ታየኝ። ፈራሁ። ይኸው ነው።

ዘንድሮ መጽሐፉን ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ሊያደርጉት መጡ። ዳይሬክተሩ በፍቃዱ የመናኸሪያውን ትዕይንት እዚያው ቦታ ላይ ካልቀረጽኩ ብሎ ባለፈው ሳምንት ቡድኑን ይዞ ገባ። አንቺን ሆና የምትጫወተው እድላዊት የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ሻርፗን ልክ እንደ አንቺ ወደ ኋላ ጣል ስታደርገው ፊቴን አዞርኩ።

እኔን የሚጫወተውን ልጅ ሦስት ጊዜ አስሮጡት። በሦስተኛው እድላዊት ሻንጣዋን አስቀምጣ ወደ እኔ መጣች።

«ጋሼ ኒቆዲሞስ፣ አልገባኝም» አለች። «ይሄ ሰው የምር የሚወዳት ከሆነ ከእሷ ቀድሞ ነው እዚህ የሚደርሰው።»

«ቀድሞ ደርሶ ነበር» አልኳት።

የመድኃኒት ቤቱን የቆርቆሮ በር በእጄ አሳየኋቸው። በፍቃዱ ቀስ ብሎ፣ «ይህን ለምን አልጻፍከውም?» አለኝ።

«አፍሬ።»

«እንዲህ ከቀረጽነው ተመልካቹ ይጠላዋል።»

«ይጥላው» አልኩት።

እንደ ነበረው ተቀረጸ። ልጁ በሩ ኋላ ቆመ፤ አልሮጠም። አውቶቡሱ ሲወጣ ከሚመለከተው ሕዝብ መሃል እናትሽን አየኋቸው። ቀረጻው ሲያበቃ ሄጄ ጎንበስ ብዬ፣ «እማማ በዛች፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«ለምኑ፣ ልጄ?»

«ያን ቀን እዚያ ነበርኩ።»

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ሀጀራ አይታሃለች። በሩ ከታች ክፍት አይደል? ቀይ ሸራ ጫማህን አይታ፣ እማ፣ ያውልሽ ኒቆ አለችኝ። ሂጂና አነጋግሪው ብላት፣ ራሱ ይምጣ ብላ ቆመች። ሹፌሩ ጡሩምባውን ነፋ፣ አልተሳፈረችም። ደግሞ ነፋ፣ አልተሳፈረችም። በሦስተኛው እኔው ነኝ እጇን ይዤ ያሳፈርኳት።»

ሀጀራ፣ እንዳላየሽኝ እያሰብኩ ነበር የኖርኩት። ያን ሁሉ ዓመት ትንሽ እንቅልፍ የሰጠኝ እሱ ነበር።

እናትሽ እዚያው ስልካቸውን አውጥተው፣ «ልደውልልህና አነጋግራት» አሉኝ። መጀመሪያ ልጻፍላት አልኳቸው። «አሁንም ወረቀት?» ብለው ሳቁ፤ ሳቃቸው ቂም አልነበረበትም። ስለ ኑሮሽ፣ ማን አጠገብሽ እንዳለ ልጠይቃቸው ፈልጌ ነበር። ዛሬም ትዘፍኚ እንደሆነ ብቻ ጠየቅኋቸው። «ወጥ ስትሠራ በስልክ እሰማታለሁ» አሉኝ። ያን ስልክ እንዴት እንደቀናሁበት።

ድራማው ከፋሲካ በኋላ ይጀምራል፤ ያ ጠዋት ያለው ሰባተኛው ክፍል ላይ ነው። እይው ወይም አትይው አልልሽም። ከሰው ሁሉ በፊት ግን ከእኔ መስማት የሚገባሽ አንቺ ነሽ ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት።

ያን ጠዋት አትሂጂ ልልሽ ነበር የመጣሁት። ዛሬ ተመለሽ የማለት መብት የለኝም፤ አልልሽምም። ብቻ በየቀኑ ትናፍቂኛለሽ። ስልክ ቁጥሬን ከደብዳቤው ጀርባ ጽፌዋለሁ። ብትደውዪ፣ ሰው ፊትም ብሆን፣ አባቴ ፊትም ብሆን፣ ስምሽን ጠርቼ አነሳዋለሁ።

ኒቆዲሞስ