የሰሚራ መጋዘን በር

ጥቅምት 2
ነፋስ። ጀልባችን ዛሬም አልወጣም። የቱሪስቶቹን የመጥለቂያ ልብስ አጥቤ ሰቀልኩ፣ ሲሊንደሮቹን አየር ሞላሁ፣ ከዛስ? ቁጭ ብድግ። ካፒቴናችን ራይስ ሸሃታ ጋደም ብሎ፣ «ሃናዲ፣ ስታፈጥጪበት ባህሩ የሚፈራሽ መሰለሽ?» አለኝ። እሱ ምን አለበት!

ጥቅምት 4
አባቴ ፉሉን እየበላ በድንገት፣ «ሰሚራ ላይ ጠልቀሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ። ክው አልኩ። ምግብ ያበስልባት የነበረች መርከብ ናት፤ ከሰጠመች ሠላሳ አንድ ዓመቷ። እቤታችን ስሟ ተነስቶ አያውቅም።
«ባህር ሲናወጥ ዱቄቱና ዘይቱ እንዳይንከባለል መጋዘኑን ከውጭ መቀርቀር ልማዴ ነበር» አለ። «ዓለቱን ስትመታ... እጄ ሄዶ የቀረቀረው ይመስለኛል። ፈትሂ ዱቄት ሊያመጣ ገብቶ ነበር።»
ፈትሂ ረዳቱ ነበር። ሬሳው አልተገኘም።
«ይመስለኛል ማለት ምን ማለት ነው? ቀረቀርከው ወይስ አልቀረቀርከውም?» ጮህኩበት። ለምን ጮህኩ?
«እሱን እኮ ነው የማላውቀው። ሂጂና እዪልኝ፣ ልጄ።»
ይህን ሁሉ ዓመት በሆዱ ይዞ!

ጥቅምት 5
አብሮኝ የሚሠራውን ጠላቂ ዋጊህን አብረን እንድንገባ ለመንኩት። መርከብ ውስጥ ብቻውን የሚገባ ጠላቂ እብድ ብቻ ነው። አባቴ የመርከቧን ውስጥ በእርሳስ ሳለልን፦ ማእድ ቤት፣ ደረጃ፣ መተላለፊያ፣ በግራ ሁለተኛው በር።
ዋጊህ ደግሞ ሕጉን ደገመልኝ። «ሲሶ አየር ለመግቢያ፣ ሲሶ ለመውጫ፣ ሲሶ ለክፉ ቀን። የመግቢያው ካለቀ፣ በሩ አፍንጫሽ ስር ቢሆንም እንመለሳለን። ማይልኝ።»
ማልኩለት።

ጥቅምት 7
ነፋስ።

ጥቅምት 8
ነፋስ! አባቴ አይጠይቀኝም። በረንዳ ላይ ቆሞ የጎረቤት ልብስ ሲውለበለብ ያያል። ቢጨቀጭቀኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 9
ወጣን። ጥልቀቱ ሃያ ስምንት ሜትር። ማእድ ቤቱ እንደሳለው ነው። ደረጃው ላይ ግን መደርደሪያ ወድቆ መንገድ ዘግቷል፤ እሱን ስንገፋ የመግቢያ አየራችን ሊያልቅ ደረሰ። የመጀመሪያውን በር እንዳለፍን ዋጊህ «በቃ» ብሎ ምልክት አሳየኝ። አምስት ሜትር ቀርቶኝ! ማልቀስ አማረኝ። ተመለስኩ።
ጀልባው ላይ መነጽሬን ወረወርኩት። «ስደቢኝ» አለ ዋጊህ፣ «ስደቢኝ፤ በሕይወት ሆነሽ ብቻ ስደቢኝ።»

ጥቅምት 10
መንገዱ ስለተከፈተ ቶሎ ደረስን።
ተቀርቅሯል። የነሐስ መቀርቀሪያ... እስከ ጥጉ።
ከሰጠመ መርከብ ምንም አይነካም። ለቱሪስቶቹ ጠዋት ማታ የምለፈልፈው ይሄንኑ ነው። በቢላዬ እጀታ መታሁት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አላውቅም ስንቴ። ተንሸራተተ። በሩ ስንዝር ያህል ከፈት አለ፣ ጭቃው ውሃውን አደፈረሰው። ውስጡን አላየሁም። ማየትም አልፈለግኩም። ዋጊህ ክንዴን ያዝ አደረገኝ፣ ግን አልጎተተኝም።
ስንወጣ፣ ሰውነታችን የግፊቱን ለውጥ እንዲላመድ፣ አምስት ሜትር ጥልቀት ላይ ሦስት ደቂቃ መቆም ግድ ነው። ሦስቱንም ደቂቃ ውሸት ስለማመድ ቆየሁ። «ክፍት ነው፣ አባዬ።» ቀላል እኮ ነው!
አባቴን ወደቡ ላይ ቆሞ አገኘሁት። መርከቧ ከሰጠመች ወዲህ ወደብ ረግጦ አያውቅም። ፊቱን ሳየው ውሸቱ ከአፌ አልወጣ አለኝ።
«ቀርቅረኸው ነበር፣ አባዬ። እኔ ከፈትኩት።»
መሬት ላይ ተቀመጠ። አለቀሰ። እኔም አጠገቡ፣ እርጥብ ልብሴን እንደለበስኩ።
እንባውን ጠርጎ፣ «ፈትሂ እህት አለችው» አለ አባቴ። «ቁሴር ከተማ ነው የምትኖረው።»

ጥቅምት 12
ወደ ቁሴር በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አባቴን፣ «እኔ ልናገርልህ?» አልኩት።
«ዝም በይ። አንቺ የድርሻሽን ጨርሰሻል።» ሲቆጣኝ ደስ አለኝ። ቁጣውን ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነው?
ራሱ አንኳኳ። የፈትሂ እህት ሃጃ ነፊሳ ከፈተች፤ ዱላ ተመርኩዛለች።
«ሻዝሊ እባላለሁ። ሰሚራ ላይ ምግብ አብሳይ ነበርኩ። ወንድምዎ መጋዘን ውስጥ እያለ በሩን የዘጋሁበት እኔ ነኝ። እስከ ትናንት ወዲያ እርግጠኛ አልነበርኩም። አሁን ነኝ።»
ቀና ብላ አየችው። ዱላውን ታነሳበታለች ብዬ ወደፊት ተራመድኩ።
«ሠላሳ አንድ ዓመት» አለች። «አንድ ሰው እንኳን ስለ ፈትሂ ሊያወራኝ መጥቶ አያውቅም። ይግቡ።»