ከውጭ ስለሚቀረቀረው በር

ተፈረደልን! እልል በሉ፣ የእድራችን ቤት ተመለሰልን! ፍርድ ቤቱ ትናንት ረፋድ ላይ ወሰነ፤ እኔም ነጠላዬ መሬት እየጠረገ መሆኑን እንኳ ሳላውቅ ከችሎት እስከ ሰፈር በሩጫ ነው የመጣሁት። ይቅርታ፣ ክቡርነትዎ፤ ደስታ ሥርዓት ያስረሳል። አሁን እንደ ወጉ ልጀምር።

ለተከበሩ አቶ ጌታሰው፣ የቀበሌያችን ዋና አስተዳዳሪ፤

ጤናዎን፣ የቤተሰብዎን ሰላም፣ የወንበርዎንም ጽናት፣ የወንበሮችዎን ማለቴ ነው፣ ከልብ እመኛለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከደብረ ብርሃን ብርድ በቀር ደኅና ነን። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው እርስዎን ለማሳጣት እንዳይመስልዎ፤ የዋሉልኝን ውለታ ጎረቤት ሁሉ እንዲያውቅልኝ ብዬ ነው።

አንደኛ፤ ስለ ሥልጠናው። በጥቅምት ወር በቀበሌው አዳራሽ ሰብስበው ስለ ዴሞክራሲ አመጣጥ ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። የዛሬ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ፣ የአብርሆት ዘመን በሚባለው ጊዜ፣ የአውሮፓ ሊቃውንት ሰው ሁሉ ነጻ ሆኖ ይወለዳል፣ መንግሥትም ሕዝብ ተስማምቶ የሚገባው ውል እንጂ ከሰማይ የወረደ ርስት አይደለም ብለው እንደጻፉ፤ ሕግ የሚያወጣው፣ የሚያስፈጽመውና የሚዳኘው አንድ እጅ ከሆነ ግን የማንም ነጻነት እንደማይተርፍ፤ ዛሬ ምክር ቤትና ፍርድ ቤት ለየብቻ ያቆሙ አገሮች ይህን ከእነሱ እንደቀዱ እያፍታቱ ነገሩን። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ የታሪክ መምህራችን በአንድ ክፍለ ጊዜ ሮጠውበት ያለፉትን እርስዎ ግማሽ ቀን ሙሉ አብራሩት። እኛም አጨበጨብን። ከሰዓት በኋላ ወደ ሰፈር ስንመለስ የእድራችን ቤት በር ላይ የእርስዎ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎ አገኘነው። ትምህርት ከተግባር ጋር ሲዋሃድ እንዲህ ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ቅሬታዬ። ቤቱ የቀበሌ መጋዘን ይሁን ብለው የወሰኑት እርስዎ፣ የቆለፉትም እርስዎ። ቅሬታ ካለሽ ለቅሬታ ሰሚው አቅርቢ ተብዬ ብሄድ፣ ቅሬታ ሰሚውም እርስዎ ሆነው አገኘሁዎት። ይሁን እንጂ ወግ አያውቁም ብዬ አላማዎትም። በእድራችን ክስ የቀረበበት ሰው፣ ዳኛም ቢሆን፣ ወንበሩን ለቆ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል፤ ነፍሳቸውን ይማረውና የእድራችን ዳኛ ጋሽ ወልደተንሣኤ ከቀብር ቀርተው በተከሰሱ ጊዜ ኮታቸውን ሰብስበው ወረዱ፣ እንደማንኛችንም ተቀጡ። ይህን አስታውሼ፣ ጉዳዩ የራስዎ ነውና ወንበሩን አይለቁም ወይ ብልዎ፣ ሰው አክባሪ ነዎትና ወዲያው ብድግ አሉ። ብድግ ብለውም አጠገቡ ባለው ወንበር ተቀመጡ። ከዚያኛው ወንበር ሆነው የዚህኛውን ወንበር ውሳኔ መረመሩና እንከን እንዳጡበት ነገሩኝ። አብራኝ የመጣችው ጎረቤቴ እናናየሁ ስለሳቀች ይቅር ይበሏት፤ የሥልጣን ክፍፍል የሚባለው ነገር የአንድ ክንድ ርቀት መሆኑን አታውቅም ነበር።

ሦስተኛ፤ በዚያው ሳምንት አመተ ማርያም ባሏ ሞተባት። ከወለጋ ተፈናቅላ መጠለያው ውስጥ የምትኖር የእድራችን አባል ናት። ድንኳኑም፣ አግዳሚውም፣ ድስቱም ያለው እዚያ ቤት ውስጥ ነው፤ ቤት የሌለው አባላችን ለቅሶ የሚቀመጠውም እዚያው ነው። ጓጉንቸርዎ ግን ለሐዘን አይከፈትም ነበርና ለቀስተኛው በነፋስ ላይ ቆሞ ዋለ። ያጽናናችን አመተ ማርያም ራሷ ናት፤ እኔስ ደጅ መዋል ለምጄዋለሁ፣ እናንተ እንዳትታመሙብኝ እያለች።

አራተኛው ቅሬታ አይደለም። ወይም ነው፤ እንጃ።

ያንን በር የሠራው አባቴ ነው። አናጢ ነበር። እድሩ ቤቱን ሲያቆም ሳንቃውን ልጎ መቀርቀሪያውን በውስጥ በኩል መታው፤ በር የሚቀረቀረው ለገባው ሰው ነው ይል ነበር አሉ። በደርግ ጊዜ ቀበሌው ቤቱን ወሰደና መቀርቀሪያውን ነቅሎ በውጭ በኩል መታው። በ1970 ዓ.ም. አባቴን እዚያ አስገቡት። የከሰሰውም፣ የመረመረውም፣ የፈረደውም፣ በሩን የቀረቀረበትም አንድ ሰው ነበር፤ ያ ሰው ወንበር መቀየር እንኳ አላስፈለገውም። እናቴ ስንቅ ታመላልሳለች፣ እኔ የአምስት ዓመት ልጅ ቀሚሷን ይዤ እከተላለሁ። አንድ ቀን ጠዋት ዘበኛው ሳህኑን ሳይቀበላት፣ ከእንግዲህ አትድከሚ አላት። ይኸው ነው። መቃብር የለው፣ ሙት ዓመት የለው። እናቴ እስክትሞት ድረስ በዚያ በር ባለፈች ቁጥር ቆም ብላ ታዳምጥ ነበር።

በኋላ ቤቱ ለእድሩ ሲመለስ መቀርቀሪያው እዚያው ውጭ ቀረ፤ ሊነካው የደፈረ የለም። በውስጥ በኩል ግን የአባቴ ሚስማሮች ቀዳዳ እስከ ዛሬ አለ። ለቅሶ በተቀመጥን ቁጥር እኔ ቀዳዳዎቹን አያለሁ፣ እነሱም ያዩኛል። ከሥልጠናው የተመለስን ቀን ጓጉንቸርዎን ልጎትተው እጄን ስሰድ፣ ብረት ከብረት ሲጋጭ፣ ከውስጥ የሚያዳምጥ ሰው ያለ መሰለኝ። እንደ እናቴ ቆም አልኩ። እኔም አዳመጥኩ።

ስለ እነዚያ ሊቃውንትዎ ከዚያ ወዲህ አስባለሁ። በሞቀ ቤቱ ተቀምጦ፣ ሥልጣን ይከፋፈል ብሎ የሚጨነቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። በእነሱም አገር ንጉሥ ስላዘዘ ብቻ ሰው ያለ ፍርድ የሚጣልበት፣ ከውጭ የሚቀረቀር በር ነበረ፤ ስንቋን ይዛ የተመለሰች እናትም ሳትኖር አትቀርም። ያን ሁሉ ሐሳብ ያሰቡት፣ ሌላው ዓለምም ሕገ መንግሥት አድርጎ የጻፈው፣ ሁሉም ከዚያ በር ፊት ቆሞ ይመስለኛል። በሥልጠናዎ ይህን አልነገሩንም። እንዴትስ ይንገሩን? እርስዎ በሩን የሚያውቁት በውጭ በኩል ነው።

ያም ሆኖ ውለታዎን አልረሳም። በችሎት የተከራከርኩት እርስዎ ባስተማሩኝ ነው። ዳኛዋ፣ ገና ወጣት ናት፣ ይህን ማን አስተማረዎት ብትለኝ ስምዎን በኩራት ጠራሁ። ማንም በራሱ ጉዳይ ዳኛ አይሆንም፣ አንድ ወንበር ፈቀቅ ማለትም ከጉዳዩ መውጣት አይደለም ብላ ፈረደች። እንደ እርስዎ ያለ መምህር ለሁሉም ተበዳይ ይስጠው!

ለትምህርትዎ ባለዕዳ፣ ለጓጉንቸርዎ ግን ከእንግዲህ ባዳ የሆንኩ፣ ጤናዎን ዘወትር የምጠይቅ፣
የአናጢው ልጅ ዝናሽ ገብረአብ
ከደብረ ብርሃን

ፈርሜ ከጨረስኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ መቀርቀሪያውን ከውጭ ነቅለን አባቴ በመታበት በዚያው ቀዳዳ ልንመልሰው ነው። መጀመሪያ ከውስጥ ቀርቅራ የምትከፍተው አመተ ማርያም ናት። ለድግሱ ከመዘዞ የመጡት በጎች ታስረው ይጠብቃሉ፤ አባቴንም በስሙ እንጠራዋለን። እርስዎም እንዳይቀሩብን። ወንበር ተሸክመው አይድከሙ፣ ያለን አግዳሚ ብቻ ነው። በሩን ተዘግቶ ካገኙት ግን፣ ክቡርነትዎ፣ ያንኳኳሉ፤ ማን ነው ብለን እንጠይቃለን፣ ስምዎን ይናገራሉ፣ እንከፍትልዎታለን። ሰፈርተኛ ሁሉ፣ ከመጠለያውም ያላችሁ፣ እስከ ጎረቤላ የሰማችሁ፣ ማንም እንዳይቀር፦ የዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ነው።