ስለተደፈነው የጣሪያችን ቧንቧ

ለተከበሩ የሕንፃ ገጽታ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ሙሉ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ ለመኖሪያ ቤትዎም መልካም አየር እመኛለሁ።

የእኛ ቤት አየር የተበላሸው ሠራተኛዎ ጣሪያችን ላይ ወጥቶ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ወደ ሰማይ የሚወጣውን ቧንቧ ከቆርቆሮው እኩል ቆርጦ፣ ክዳን አጥብቆበት «አሁን አማረ!» ባለባት ቅጽበት ነው። መሰላሉን ከታች የያዝኩለት እኔ ነበርኩ፤ ያውም «እግርህን ተጠንቀቅ፣ ወንድሜ» እያልኩ። ከመንገድ የሚታይ ቧንቧ የገጠሩን ውበት ያጎድፋል የሚለው መመሪያዎ ማኅተም ነበረበት፤ እኔም በሕዝብ አስተዳደር የተመረቅሁ በመሆኔ ማኅተም ያረፈበትን ነገር መጠራጠር አልተማርኩም።

እነሆ ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ያ ቧንቧ ጌጥ አልነበረም። ግቢያችን ውስጥ ከተቀበረው የፍሳሽ ጉድጓድ የሚነሳው መጥፎ አየር የሚወጣው በእሱ ነበር። ከተደፈነ ወዲህ መጸዳጃ ቤቱ ውሃ በተለቀቀበት ቁጥር የእጅ መታጠቢያው እንደ ተራበ ሆድ ያጉረመርማል፤ ከሥሩ በታጠፈው ቱቦ ውስጥ ቆሞ ሽታውን የሚያግደው ውሃም አብሮ ተስቦ ይሄዳል። ሽታውም የሚከለክለው ሲያጣ እንደ አባወራ ሳሎን ገብቶ ይቀመጣል።

፪. ይህን ለማወቅ የፈጀብኝ ጊዜ የተማርኩበትን ዩኒቨርሲቲ ስለሚያሳፍር አልጠቅሰውም። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ውሻችንን ነው፤ በሳሙና አጠብኩት። ቀጥሎ የአጎቴን ጫማ ከነካልሲው ውጭ አሳደርኩ፤ እሳቸው እስካሁን ሰላምታዬን በግንባራቸው ነው የሚመልሱት። ከዚያ ሽቶ ረጨሁ፤ ቤቱ ለሠርግ የተዘጋጀ ጉድጓድ መሰለ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእኔስ ዲግሪ ነው ለባለቤቱ ባዳ የሆነው።

፫. ምክንያቱን ደርሼበት ስጽፍልዎ ተቆጣጣሪ ስለላኩልን ውለታዎ አለብኝ። ተቆጣጣሪው ወደ ጣሪያው ቀና ሳይል፣ ደጃፍ ላይ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ፣ እናቴን «እማማ፣ ቤት እኮ ጸዳ ተደርጎ ሲያዝ አይሸትም» አላት።

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የሆስፒታል ወለል ስትወለውል ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ይህን ቤት የሠራችው በዚያ ወለል ነው። ተቆጣጣሪው ከሄደ ወዲህ ጎረቤት በር ሲያንኳኳ «የለችም በያቸው» ትለኛለች፤ ትናንት ደግሞ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ስትከት አገኘኋት። ከተማ፣ እህቷ ዘንድ ልትጠጋ ነው። «አንቺ ልጅ ነሽ፣ ትችይዋለሽ፤ እኔ በስተርጅና ቆሻሻ አልባልም» አለችኝ።

፬. ደጋግሜ ለጻፍኩት ሁሉ «ጉዳዩ እየታየ ነው» የሚል ምላሽ ስላልነፈጉኝ አመሰግናለሁ። ከአክብሮት ጋር፣ ጉዳዩ ቢሸተት ይሻል ነበር። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማምና ማንኳኳቱን ትቻለሁ።

መንገደኛው የሚያየው እንዳይጎረብጠው ሲሉ የነዋሪውን ሳንባ ስለሠዉበት ቸርነትዎ ያለኝን አድናቆት እየገለጽኩ፣ በታላቅ አክብሮት፣

እስከ ትናንት ታዛዥዎ የነበርኩት፣
የዚያች ጽዳት ሠራተኛ ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዛሬ ጠዋት ክዳኑን ነቅዬ ቧንቧውን ቀጥዬዋለሁ። ከበፊቱ ይረዝማል፤ ከመንገድ ወለል ብሎ ይታያል። ሽታው እየለቀቀ ነው፤ የእናቴ ሻንጣ ግን ገና አልተፈታም። ስለዚህ ተቆጣጣሪዎን መልሰው የሚልኩት እናቴን ይቅርታ እንዲጠይቅ ከሆነ ብቻ ይሁን። ለቧንቧው ቅጣት ካለ በስሜ ይጻፉት፤ ቀርቤ እከራከራለሁ። እናንተ የደፈናችሁት ሲሸት እናቴ ቆሻሻ እንድትባል ግን ከእንግዲህ አልቀበልም።