ስምሽ የተለጠፈበት አይብ

ሞሪን፣

ከጋራ ማቀዝቀዣችን አይብሽን የበላሁት እኔ ነኝ። ድመቷ ቁርሷን በልታለች፤ ብታለቅስብሽ እንዳታምኛት።

አሁን ወደ ትልቁ ዜና። መላው ለንደን ልቦለዴን በጉጉት እየጠበቀ መሆኑን ታውቂያለሽ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች የላክኩላቸው አርባ አንድ የደራሲ ወኪሎች፣ መጽሐፍ ለአሳታሚ የሚያቀርቡት፣ መልስ አልሰጡኝም፤ በአድናቆት አፋቸው ተይዞ ነው። ዛሬ ጠዋት ግን አርባ ሁለተኛዋ ደወለች።

"አቶ ዴዝመንድ፣ ዋናው ገጸ ባሕሪዎ ጉረኛና አሰልቺ ነው" አለችኝ።

ቅናት ነው።

"አይቧ ላይ ስሟን የምትለጥፈው ሴትዮ ግን ነፍስ ናት! ሙሉውን መጽሐፍ ይላኩልኝ፤ እሷ ትብዛበት" ብላ ቀጠለች።

አዎ፣ አንቺን ነው የጻፍኩት። ልነግርሽ አስቤ ነበር።

ችግሩ፣ ከሦስተኛው ምዕራፍ በኋላ የተጻፈ ነገር የለም። ያላለቀ ልቦለድ ስለማይቀበሉ ለአርባ ሁለቱም "መጽሐፉ አልቋል" ብዬ ነበር። "ትንሽ ላስተካክለው" ብዬ የአንድ ወር ጊዜ ለምኛታለሁ።

ወረቀት ልገዛ ወጥቻለሁ። ስመለስ እንደ ልማድሽ ጩኺብኝ፤ ከአይቡ ጀምሪ።

ቀስ እያልሽ ብቻ፣ እንድጽፈው።

ዴዝመንድ